ሥራ ከመያዝ አስቀድሞ ስለ መዘጋጀት

ሰው ለአዲስ ሥራ በታጨ ጊዜ፣ ወሬው ከተሰማበት ዕለት አንሥቶ ሥራውን እስከሚይዝበት ዕለት ድረስ ጥቂት ቀኖች ይሰጡታል። ብዙው ሰው በእነዚህ ቀኖች ልብሱን ያሰፋል፤ ወዳጆቹን ይጋብዛል፤ የደስታ ቃል ይቀበላል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ሰው ወደ ሥራው ሳይገባ መዘጋጀቱ ራሱን ለመጥቀም የሚያደርገው ብልሃት ነውን? ወይስ ለሌላ ሰው የሚከፍለው ዕዳ ነው?

እኛ ዕዳ ነው እንላለን። ሥራውን ሳይዝ የነበረው አለማወቅ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው፤ ሥራውን ከያዘ በኋላ ግን ያው አለማወቅ ሌላውን ሰው ይጎዳል። አዲስ ጸሐፊ መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ ሳይጠይቅ በወንበሩ ቢቀመጥ፣ ስንቋን ይዛ ከሩቅ አገር የመጣችው ባልቴት «ነገ ተመለሽ» ትባላለች፤ ስንቋም በከተማ ያልቃል። መምህሩ ትምህርቱን ሳያሰናዳ ቢገባ፣ ሕፃናቱ ተመልሶ የማይገኝ ጊዜ ያጣሉ። የሐኪሙ ረዳት የመድኃኒቱን ልክ ሳይለይ ቢጀምር፣ በሽተኛው በሕይወቱ ይከፍላል። በዚህ ሁሉ የሚያጠፋው አንድ ሰው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት በልቡ የያዘም ሰው ሳይዘጋጅ አይቀርም፤ ዝግጅቱ ግን ለመብላት ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚጠይቀው «በዚህ ሥራ ምን ይገኛል?» ብሎ ነው። ሌላው ግን «በዚህ ሥራ ደጅ የሚጠናው ማን ነው? የሚቸግረውስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የሰውን ጠባይ ለማወቅ የሥራውን ፍሬ እስክናይ መቆየት አያስፈልገንም፤ አስቀድሞ የጠየቀውን ጥያቄ መስማት ይበቃል።

«ሥራ የሚለመደው በሥራ ነው፤ አስቀድሞስ እንዴት ይታወቃል?» የሚል ይኖራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ፣ ከእነርሱ በፊት በዚያ ስም የተሾመ ስላልነበረ፣ ተሿሚዎቹ ልማዱን የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። ሆኖም አዲስ የነበረው ስሙ ነው እንጂ፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ ለፍርድ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም ለጽሕፈት እንግዳ አልነበሩም። የዛሬው ሰው ግን ከእርሱ በፊት የሠራውን ሊጠይቅ፣ ደንቡንም ሊያነብ ይችላል፤ ስለዚህ ምክንያቱ ያነሰ ነው።

ዳሩ ግን በዚህ በኩል ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሥራውን በዓይኑ ሳያይ ፍርዱን ጨርሶ፣ የሚሽረውንና የሚሾመውን ቈጥሮ የሚመጣ ሰው አለ። ይህም መዘጋጀት ሳይሆን መቸኰል ነው። የሁለቱን ልዩነት ከነህምያ ታሪክ እንረዳለን። ነህምያ በሱሳ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ሳለ የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ ሰማ። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን አራት ወር ያህል ቆይቶ ንጉሡ በጠየቀው ጊዜ፣ የሚቆይበትን ዘመን፣ ለገዦች የሚሰጠውን ደብዳቤ፣ ከንጉሡ ዱር የሚያስፈልገውንም እንጨት ሁሉ ለመናገር ዝግጁ ነበር። ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ግን ወዲያው አዋጅ አልነገረም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያም በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ ተመለከተ። ለሕዝቡ የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። እንጨቱን አስቀድሞ አሰናዳ፤ ፍርዱን ግን እስኪያይ ድረስ አቆየ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ሥራ የተሰጠህ እንደ ሆነ ደንቡን አንብብ፤ ከአንተ በፊት የነበረውን ጠይቅ፤ ከደጅ ጠባቂውም መማርን አትናቅ፤ የማታውቀውን ለይተህ እወቅ። ይህን ሁሉ አድርገህም መሳሳትህ አይቀርም። ነገር ግን ተዘጋጅቶ የሚሳሳት ሰው ስሕተቱ የሰውነት ድካም ነው፤ ሳይዘጋጅ የሚሳሳት ግን በሌላው ሰው ገንዘብ የሚነግድ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያሉት ቀኖች አለማወቃችን ማንንም የማይጎዳባቸው የመጨረሻዎቹ ቀኖች ናቸውና፣ በከንቱ ልናሳልፋቸው አይገባንም።