የተሸፈነ ቂም የሞተ ነውን?

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ፣ «ኡምብሪያ» የተባለችውን የጭነት መርከቧን እንግሊዞች በፖርት ሱዳን አጠገብ ለፍተሻ አቁመዋት ነበር። የጫነችው በሺህ ቶን የሚቆጠር ቦምብ፣ ያን ጊዜ አገራችንን ወርሮ ለያዘው ጦር የተላከ ነበር። የመርከቢቱ አዛዥ ጭነቱ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ሲል ራሱ አሰጠማት።

ዛሬ የአየር ሲሊንደር አዝለው የሚጠልቁ ዋናተኞች ውበቷን ያደንቃሉ። ገላዋ ኮራል ለብሷል፤ ዓሦች ይርመሰመሱባታል። በሆዷ ግን ቦምቡ እንደ ተደረደረ አለ። ኮራሉ ሸፈነው እንጂ አላከሸፈውም።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እኛስ «ሆድ ይፍጀው» ብለን የዋጥነው ቂም የት አለ? በእርግጥ በቁጣ ሰዓት ዝም ማለት ብልህነት ነው፤ ክፉ ቃል ያስቀራል። ነገር ግን ዝምታ የይቅርታ መንገድ መጀመሪያ እንጂ ይቅርታ አይደለም። ሆድ ሁሉን አይፈጅም። ከተቀየምነው ጋር ጎን ለጎን ቆመን ብንዘምር፣ ሰላምታ ብንሰጠውም፣ ሳንነጋገርና ሳንታረቅ ከቀረን ዝማሬያችን የላይ ኮራል ነው። ስለዚህ የመጪው እሑድ መዝሙር ሳይጀመር ሄደን «ወንድሜ፣ እንነጋገር» እንበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።