አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በ1994 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደዶ ከጅማ በስተደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ላይ ላዩ ደጋ ነው፣ ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ ወረድ ሲሉ ደግሞ ቡና አለ። የእኛ ቤት ከታች ከቡናው ጋ ነበር። የዚያን ቀን አባዬ ሁለት ጆንያ ጀንፈል በበቅሎ ጭኖ ወደ ሰብሳቢው ወረደ፣ እኔም ተከተልኩት። ሰብሳቢው መዝኖ ዋጋውን ነገረው። አባዬ የሰማውን አላመነም፦

"በፈረሱላ?"

"አዎ፣ በፈረሱላ።"

አስራ ሰባት ኪሎው ከሦስት ዓመት በፊት ያወጣ የነበረውን ግማሽ እንኳ አላወጣም። አባዬ ግን አልተከራከረም። ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ፣ ሰብሳቢውን በአክብሮት ተሰናበተ፣ ከዚያ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ደጃፍ ላይ "ገመዱን ያዝ" አለኝ። ገመዱ ከእጄ አመለጠ፤ በቅሎዋም ሁለት እርምጃ ሄደች። በቃ፣ ይኸው ነው ጥፋቴ። በጥፊ አጮለኝ።

አያቴ ጅማ ከተማ ያደገች ስለሆነች የአማርኛ ተረት ታበዛ ነበር። ከውስጥ ሆና ሁሉንም አይታለች። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" አለችና ወደ ጀበናዋ ተመለሰች።

ትርጉሙ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አህያው ይራገጣል፣ ዳውላው ግን አይራገጥም። ሰብሳቢው ነገም ያስፈልጋል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን መልሶ አይመታም።

አያቴ በአንድ ተረት የጨረሰችውን ነገር የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጽሐፍ ጽፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆን ዶላርድና አራት ባልደረቦቹ "ጠበኝነት ከየት ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ሰው የሚፈልገው ነገር ላይ እንዳይደርስ ሲከለከል ይቆጣል፤ የከለከለውን መምታት ካልቻለ ደግሞ የሚችለውን ይመታል። በዓመቱ ካርል ሆቭላንድና ሮበርት ሲርስ ይህንን ሐሳብ ወደ ታሪክ ወሰዱት። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ከ1882 እስከ 1930 የነበረውን የጥጥ ዋጋና በዚያው ዘመን መንጋ እየተሰበሰበ የገደላቸውን ጥቁሮች ቁጥር ጎን ለጎን አስቀመጡ። የጥጥ ዋጋ ሲወርድ ግድያው ይጨምር ነበር። ጥጡን ያረከሱት የተገደሉት ሰዎች አይደሉም። ዳውላ ነበሩ።

ይህን ሳነብ ጥጡን በቡና ተክቼ ማየቴ አልቀረም። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ። በ2001 እና በ2002 የዓለም ዋጋ በአማካይ በፓውንድ ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ። ኒውዮርክ ላይ የወደቀው ዋጋ መጨረሻው እኛ ደጃፍ ላይ፣ ጉንጬ ላይ ነበር ያረፈው። እንዲህ ብዬ ሳስበው አባዬን ይቅር ማለት ቀለለኝ። ድሃ ነበር፣ ተበድሎ ነበር፣ ምን ያድርግ?

ግን እዚህ ጋ ቆም እንበል።

የጎረቤታችን ቡናም በዚያው ዋጋ ነው የተሸጠው። እሱ ልጁን አልመታም። ዋጋ ቁጣን ያመጣል ብንል እንኳ የሚመታው ማን እንደሆነ ዋጋ አይመርጥም። የጥጡን ቁጥር በኋላ ደግመው የመረመሩ ተመራማሪዎችም ግንኙነቱ መጀመሪያ እንደተባለው ጠንካራ ሆኖ አላገኙትም።

ከዚያ ደግሞ አሰንዳቦ አለ። በ2003 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ ከደዶ ብዙም በማይርቀው በአሰንዳቦና በአካባቢው ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሣ። በቀናት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትና የሰው ቤቶች ተቃጠሉ። ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ታዲያ በዚያ ሰሞን የቡና ዋጋ ወርዶ ነበር? ኧረ በጭራሽ! የአረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ ለብዙ ዓመታት ያልታየ ከፍታ ላይ ነበር። ከፍታው ለገበሬው ምን ያህል እንደደረሰ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ግን "ሰው የሚጋጨው ስለተራበ ነው" የሚለው ቀላል መልስ እዚህ አይሠራም። ድህነት ብቻውን ክብሪት አይጭርም። አንድ ሰው "ጠላትህ ይኸውና" ማለት አለበት፣ ሌላው ደግሞ ማመን አለበት።

ሌናርድ በርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የዬሎቹን ሐሳብ ያስተካከለው በዚሁ አቅጣጫ ነው። እንደ እሱ አባባል የሚያስቆጣን መከልከል ብቻ አይደለም፤ ሕመም፣ ሙቀት፣ ውርደት፣ ማናቸውም ደስ የማይል ስሜት ቁጣን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሁኔታው የምናስበው ነገርና በአካባቢያችን የምናየው ምልክት ወዴት እንደምንሄድ ይወስናል። "በእኔ ላይ ሆነ ብሎ ነው ያደረገው" ካልኩ እሳቱ ይነዳል። "ልጅ ነው፣ ገመድ አመለጠው" ካልኩ ይበርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ጊዜ ነው።

ሪቻርድ ራንግሃም የተባለው አንትሮፖሎጂስት ደግሞ ጠበኝነትን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ደም ሲፈላ የሚመጣው ትኩሱ፣ ታስቦበት የሚደረገው ቀዝቃዛው። ከሌሎች እንስሳት ጋር ስንነጻጸር በትኩሱ ጨዋዎች ነን፣ በቀዝቃዛው ግን ከፍተኞች ነን ይላል። የአባዬ ጥፊ ትኩሱ ነበር። አሰንዳቦ ላይ ግን ሁለቱም የነበሩ ይመስለኛል። ወሬ ሰምቶ የሮጠው ሰው ደሙ ፈልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከቀበሌ ቀበሌ ለቀናት የሄደ ቃጠሎ ግን በደም ፍላት ብቻ አይገለጽም።

እዚህ ላይ ጅማ ራሷ የምታስተምረን ነገር አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ምኒልክን አልተዋጉም። ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውንም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ያዙ። የጎረቤታቸው የካፋ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1897 ተዋግቶ ተሸነፈ፣ አገሩም ክፉኛ ተጎዳ። እኛ ልጆች ሆነን ይህን የሰማነው እንደ ብልህነት ታሪክ ነው፣ ነውም። ግን በዚያው ሰላማዊ መንግሥት፣ በሂርማታ ገበያ፣ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። የጮኸ የለም፣ የተቆጣም የለም። ሻጩ ምናልባት ፈገግ እያለ ነበር የሚከራከረው። ስለዚህ "እኔ እኮ ሰው ላይ አልጮህም" ማለት ብቻውን ከጠበኝነት ነፃ አያወጣም።

ትኩሱን በተመለከተ ግን የእኛ ትውልድ አንድ ነገር በግድ አምኗል፦ "አትያዘው፣ አውጣው።" ቁጣ እንደ ድስት እንፋሎት ነው፣ ካልተከፈተ ይፈነዳል የሚለው ሐሳብ ከፍሮይድና ከኮንራድ ሎሬንዝ ጀምሮ ብዙ ተከታይ አለው። ቲክቶክ ላይ ስድብ ጽፈን "ወጣልኝ" የምንለው ለዚህ ነው። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሙከራ ሰዎችን አናደደና ገሚሶቹን ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ አደረገ። እነሱ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኙ። በ2024 ደግሞ እሱና ሶፊ ሻርቪክ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 154 ጥናቶች ሰብስበው አዩ። ቁጣን የሚቀንሰው ልብ ምትን የሚያበርድ ነገር ነው፦ ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ ማረፍ፣ ጡንቻን ማላላት። ሩጫ እንኳ አይረዳም።

አያቴ ይህን ብነግራት ትስቅብኝ ነበር። ስንጣላ የምትለን አንድ ነበር፦ "አዑዙ ቢላሂ በሉ። የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ጋደም ይበል።" ነቢዩ ያስተማሩት ነው ትል ነበር። የተቀመጠ ሰው ለመምታት መነሣት አለበት። ለመነሣት ደግሞ ያቺ አንድ ሰከንድ ታስፈልጋለች።

ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልመለስ። ምክንያቱን ማወቅ ይቅር ማለት ነው? የዓለም ዋጋ፣ ድህነት፣ ውርደት፣ አስተዳደግ፣ እያልን ስንቆጥር ጥፋተኛው ቀስ እያለ ከክፍሉ ይወጣል፣ ጥፊው ብቻ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። በኦሮሞ ባህል ያለው ጉማ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ሰው ሲገደል ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ እንዴት እንደተፈጠረም ይሰማሉ። ግን እዚያ አያበቃም። ገዳዩ ማመን አለበት፣ ካሣው ይወሰናል፣ ዘመድም ያዋጣል። ዘመድ ማዋጣቱ ምክንያቱ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። የገዳዩ ማመን ደግሞ እጁ የእሱ እንደነበር ያሳያል። ሁለቱ አይጣሉም። እኛ ነን አንዱን ስንይዝ ሌላውን የምንጥለው።

ባለፈው ዓመት ደዶ ሄጄ አባዬን ጠየቅኩት። ቡና እየጠጣን ነበር።

"አባዬ፣ ያኔ ለበቅሎዋ ገመድ የመታኸኝን ታስታውሳለህ?"

አሰበ። "አላስታውስም" አለ። "የዚያን ዓመት ቡና ግን አስታውሳለሁ።" ፈረሱላው ስንት እንደነበር እስከ ሳንቲሙ ነገረኝ።

ከፋኝ። የመታ ሰው ምክንያቱን ያስታውሳል፣ የተመታ ሰው እጁን ያስታውሳል ብዬ ለዚህ ጽሑፍ የምትሆን ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ማታ ለታናሽ ወንድሜ ደውዬ ነገርኩት፤ ከእኔ ጋር እንዲያዝን ፈልጌ ነበር። ትንሽ ዝም አለ።

"አንተስ?" አለኝ።

"እኔ ምን?"

"የዚያን ቀን እኮ ከጓሮ መጥተህ እኔን መታኸኝ። ምንም አላደረግኩም ነበር።"

ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ሕፃናት ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲመታ አይተው ራሳቸው እንዴት እንደሚመቱ ያሳየበትን ሙከራ አውቀዋለሁ፣ ጽፌበታለሁም። ወንድሜን መምታቴን ግን አላስታውስም፣ ስልኩን ይዤ ብፈልግም አጣሁት።

"አላስታውስም" ልለው ነበር። አባዬ ያለኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። "ይቅርታ" አልኩት። ሃያ ምናምን ዓመት ዘግይቷል። ሳቀና "እሺ፣ ካሣውስ?" አለኝ።

እያሰብኩበት ነው።