ዋስ አለህ ወይ?

በእኛ አገር አንድ ጎልማሳ ሰው መጠጥ ቤት ተቀምጦ «አልጠጣም» ሊል የሚችልባቸው ምክንያቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ጠበል ላይ ነኝ፤ መኪና ይዣለሁ፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድም። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ምክንያት ያቀረበ ሰው ወይ ታሞ እየደበቀ ነው፣ ወይ ኪሱ ሳስቶበት ይሉኝታ ይዞታል። «ለመቀነስ ወስኛለሁ» የሚባል ምክንያት በመዝገቡ ላይ የለም።

ይህን ያወቅሁት እኔው ራሴ «ወስኛለሁ» ለማለት አፍሬ ስዋሽ ነው። ዓርብ ማታ ነበር። ከሥራ ወጥተን ዘወትር የምንሰየምባት ድራፍት ቤት፣ ዘወትር የምንይዛት ጥግ ላይ፣ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። አስተናጋጇ ሳትጠይቀን አምስት ጃምቦ ይዛ መጣች። እኔ፣ «የኔን መልሺውና አምቦ ውሃ አምጪልኝ» አልኩ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«መድኃኒት ጀምሬ ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

«አንቲባዮቲክ።»

«እህ! እሱስ ከአልኮል ጋር አይሆንም» ብለው ተዉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንደኛው ወዳጄ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ስማ፣ ይሄ አንቲባዮቲክህ አያልቅም እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስቄም ጃምቦ አዘዝኩ። ያን ማታ ስድስት ጠጣሁ።

በማግስቱ አንጎበሬን እያስታመምኩ አንድ ነገር ገረመኝ። የሐኪም ትእዛዝ ይከበራል። የንስሐ አባት ግዝት ይከበራል። የትራፊክ ፖሊስም ይፈራል። የሰውዬው የራሱ ውሳኔ ግን ለድርድር የቀረበ ዕቃ ነው። «በሞቴ! አንዲት ብቻ! አፈር ስሆን!» ይባልበታል። ወዳጆቼን ክፉዎች ናቸው ልል አይደለም። እንግዳን በባዶ ብርጭቆ ማስቀመጥ ነውር በሆነበት አገር ያደግን ሰዎች ነን። ፍቅራችንን የምንገልጸው በማጉረስና በማጠጣት ነው። ችግሩ ፍቅራችን «ይብቃኝ» የሚለውን ቃል መስማት አለመቻሉ ነው።

ለመቀነስ ያሰብኩት ለጉበቴ አዝኜ አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጄ አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጥታ፣ «አባዬ፣ ማታ ያልከኝን ታስታውሳለህ አይደል?» አለችኝ። አላስታውስም። «እንዴታ!» አልኳት። ለካ የነገርኳት፣ ዓርብ ከሰዓት በትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን ላይ ተገኝቼ ግጥም ስታነብ እንደማያት ነው። ዓርብ ከሰዓት እኔ የት እንደነበርኩ መናገር አያስፈልግም። ማታ ስገባ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። «ረስተኸው ነው አይደል?» ብላ መልሱንም ራሷ ሰጠችኝ። መጠጥ የወሰደብኝ ገንዘቤን ብቻ ሳይሆን ቃሌን ጭምር መሆኑ የዚያን ዕለት ገባኝ። ማታ ቃል የሚገባው ሰውዬና ጠዋት ጫማ የሚያስረው ሰውዬ አይተዋወቁም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ለመቀነስ ሞክሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ብቻዬን፣ በሆዴ። ለማንም ያልተናገርኩት ከወደቅሁ ማንም እንዳያይ ነው። ምስክር የሌለው ውል ማፍረስ ደግሞ እንዴት ቀላል እንደሆነ ልንገራችሁ? ውሉን የሚያፈርሰውም፣ ጥፋተኛውን በነፃ የሚያሰናብተውም ያው አንዱ ሰው ነው።

አንድ የማከብራቸውን አዛውንት የሥራ ባልደረባዬን አማከርኳቸው። «ሰው ቢረዳኝስ ብዬ ነበር» ስላቸው ፊታቸው ቅጭም አለ። «ልጄ፣ ወንድ ከወሰነ ይተዋል። ሞግዚት ካስፈለገው ግን አልወሰነም። የታሰረ በሬ የሰው አዝመራ አልበላም ተብሎ ይመሰገናል?» አሉኝ።

ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰው በሌሎች ድጋፍ የተወውን ነገር «እሱ ተወው» ማለት ይቻላል ወይ? ጨዋነቱ የራሱ ነው ወይስ የደጋፊዎቹ? ከዚህ ጥያቄ ጋር ብዙ ሰነበትኩ። አሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ እኔ መቼ ብቻዬን ጠጥቼ አውቃለሁና ነው ብቻዬን የምተወው? የመጀመሪያዋን ጠላ በልጅነቴ ሠርግ ቤት «ወንድ አይደል እንዴ!» ብሎ ያስጎነጨኝ አጎቴ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን ያስመረቁኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። የዓርቡን ጠረጴዛ ደግሞ ተመልከቱት። አምስት ሰዎች ነን። አንዱ «ይሄ ዙር በኔ» ካለ ሌላው ዝም ማለት አይችልም። ስለዚህ አምስት ዙር ይመጣል፤ እያንዳንዳችንም አምስት አምስት ጃምቦ እንጠጣለን። ይህ የጥም ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። አምስት ስለሆንን እንጂ አምስት ስለጠማን አይደለም የጠጣነው። ስንጠጣ በማኅበር ሆኖ ስንተው «በል እንግዲህ ወንድነትህን ብቻህን አሳይ» መባሉ ፍርደ ገምድልነት አይደለም ትላላችሁ?

መንግሥትም ቢሆን ነገሩ የግለሰብ ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ያ አንበሳና ጀግና፣ ባህልና አገር ፍቅር ሁሉ በጠርሙስ ታሽጎ የሚቀርብበት ማስታወቂያ ከቤታችን ወጣ። «በሞቴ አንዲት ብቻ» የሚለውን የጠረጴዛችንን ማስታወቂያ ግን የሚከለክል አዋጅ የለም። እሱን የምናወጣው እኛው ነን።

ወደ አዛውንቱ በሬ ልመለስ። በሬውን ያሰረው ባለቤቱ ነው። በሬው «እሰሩኝ» ብሎ አልለመነም። አሁን ደግሞ እቁብን አስቡ። አንድ ሰው ብቻውን ልቆጥብ ቢል ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ አያድርም። ስለዚህ እቁብ ይገባል። በየሳምንቱ የሚያስጥለው ምንድን ነው? ዳኛው አለ፤ ጸሐፊው አለ፤ «እገሌ አልጣለም» መባል አለ። ዕጣ ቶሎ ከደረሰውም ቀሪውን መክፈሉን የሚያረጋግጥ ዋስ ይጠራል። ታዲያ በእቁብ ብር ቤቱን ያደሰ ሰው «አንተ አልቆጠብክም፣ እቁቡ ነው የቆጠበልህ» ተብሎ ተነቅፎ ያውቃል? እንዲያውም አስተዋይ ይባላል። ድክመቱን አውቆ፣ ከድክመቱ የሚበረታ ማኅበር ውስጥ ራሱን አስገብቷልና። ሥራ ስንቀጠር ዋስ እንጠራለን። ስንበደር ዋስ እንጠራለን። ለቀብራችን እንኳ አስቀድመን እድር ገብተን ተዘጋጅተናል። ለጠባያችን ግን ዋስ መጥራት ያሳፍረናል።

እኔ በመጨረሻ ዋስ ጠራሁ። የጠራሁትም ያንኑ በአንቲባዮቲኬ የቀለደብኝን ወዳጄን ነው። አንድ ጠዋት ሻይ ጋብዤው እውነቱን ዘረገፍኩለት፤ የልጄን ነገር ሳይቀር። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እና ይሄን ለመናገር ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንቲባዮቲክ ያስዋጥከን?» አለ። ከዚያ ግን ቁም ነገር ተነጋገርን። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በቀን ሁለት ጃምቦ ብቻ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤት። «ሦስተኛ ካዘዝኩ አስቁመኝ» አልኩት። «ትቆጣኛለህ» አለኝ። «ልቆጣ። አንተ አስቁመኝ።»

በአራተኛው ሳምንት ደመወዝ ወጣ። ሁለቷን ጨርሼ ሞቅ ሲለኝ እጄን አንስቼ «ድገሚን!» አልኩ። ወዳጄ ድምፁን ሳያሰማ ለአስተናጋጇ «ለሱ አምቦ» አላት። ደሜ ፈላ።

«አንተ ማን ነህ? አባቴ ነህ?»

«አይደለሁም። ተልኬ ነው።»

«ማን ላከህ?»

«አንተ። የዛሬ ወር፣ በጠዋት።»

ይህን ብሎ የራሱን ጃምቦ ገፋ አደረገና «ለኔም አምቦ» አላት። እስከ ታክሲው ድረስ አልተነጋገርንም። እቤት ስደርስ ልጄ አልተኛችም ነበር።

ሆሜር በተረከው የጥንት ግሪኮች ታሪክ ውስጥ ኦዲሴየስ የሚባል ሰው አለ። በዘፈናቸው መርከበኛን እያማለሉ በሚያጠፉ ፍጥረታት አጠገብ ማለፍ ነበረበትና፣ ገና ከሩቁ ሳለ ለባልደረቦቹ «ከምሰሶው ጋር እሰሩኝ፤ ፍቱኝ ብዬ ብለምናችሁ አጥብቃችሁ እሰሩኝ» አላቸው። ዘፈኑን ሲሰማ እንደተባለው ለመነ፤ እነሱም አጠበቁት። ባልደረቦቹ ነፃነቱን ነፈጉት እንበል? እኔ ጠበቁለት እላለሁ። ከሁለቱ ኦዲሴየሶች መካከል ለሚያስበው ታዘዙ። የኔም ወዳጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለጠዋቱ ሰውዬ ታዘዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ግን ደግ ነገር ያበላሽብኛል። ዋስ ሌላ ነው፤ ዘበኛ ሌላ ነው። አንድ ዘመዳችን ነበር። ቤተሰቡ መጠጡን ሊያስተወው ተማከረ፤ እሱን ግን ማንም አላማከረውም። ሲገባ ከሰላምታ በፊት ትንፋሹ ይሸተታል። ኪሱ ይበረበራል። እንግዳ ፊት «ለሱ ለስላሳ ስጡት» ይባላል። ሰውዬው መጠጡን አልተወም፤ መደበቅን ተማረ። በፊት ከሰው ጋር ይጠጣ የነበረው ሰው ሽንት ቤት ገብቶ ብቻውን አረቄ መጨለጥ ጀመረ። ሁሉም ይወዱት ነበር። ነገር ግን ዋስ የሚቆመው ሲጠሩት ነው። ዘበኛ ግን ሳይጠሩት ይሾምብሃል። ዋስ አብሮህ ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ያይሃል። ወዳጄ የራሱን ጃምቦ ባይገፋ ኖሮ እኔም የዚያን ማታ የምሰማው አይመስለኝም።

ዋስ መሆን ደግሞ ለዋሱም ይጠቅማል። ግንቦት 1927 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1935፣ ቢል ዊልሰን የሚባል በአክሲዮን ገበያ የሚሠራ የኒው ዮርክ ሰው ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ የሄደበት ጉዳይ ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ቆሟል። መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው። በአንድ በኩል የቡና ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይጠራዋል፤ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ስልኩን መረጠ። የሚፈልገው ሐኪም ወይም መካሪ አልነበረም። እንደሱ በመጠጥ የሚሰቃይ ሌላ ሰው ነበር የሚፈልገው፤ እሱን ሲረዳ እሱም እንደሚተርፍ ገብቶታል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየደወለ በመጨረሻ ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ብቻ ሊሰጠው ነበር ያሰበው፤ ሲያወሩ ግን ሰዓታት አለፉ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የተጀመረው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። ማን ማንን አዳነ? መለየት አይቻልም። የኔም ወዳጅ አሁን አሁን ሁለተኛዋ ላይ ያቆማል፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሁሉም ጉዳይ በወዳጅ ያልቃል ለማለት ግን አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ፣ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በአንዴ ልተው ቢል አደጋ አለው፤ ሰውነቱ እስከ መንዘፍዘፍና ራሱን እስከ መሳት፣ አንዳንዴም እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የመጀመሪያው ዋስ ሐኪም ነው። ወዳጁ ማድረግ ያለበት ይዞት መሄድና ተራ ሲጠብቅ አብሮት መቀመጥ ነው።

መውደቅስ? ወድቄያለሁ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ጠጁም ውስኪውም ቆጥሬ የማልጨርሰው ሆነ። በማግስቱ ወዳጄ ሲደውል ስልኩን ላለማንሳት ሁለት ጊዜ አሳለፍኩት። ስንት እንደጠጣሁ ይጠይቀኛል ብዬ ነው። በሦስተኛው አነሳሁ። አልጠየቀኝም። «ዛሬስ እንዴት ነን?» ብቻ አለኝ። ኖኅ በወይን ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን በተኛ ጊዜ ሁለቱ ልጆቹ ልብስ በትከሻቸው ይዘው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ሳያዩት ነው ያለበሱት። ያን ቀን ትዝ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ደግሞም ያቺ «ነን» የምትል ቃል ትከብደኛለች። «እንዴት ነህ» አላለኝም።

እና ለአዛውንቱ የምመልስላቸው ይህን ነው። ጋሼ፣ ውሳኔው የኔ ነው፤ የውሳኔዬም የመጀመሪያው ሥራ ብቻዬን እንደማልችለው ማመን ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የነበሩትም እርስዎ ነዎት።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የዛሬ ዓርብ ጠረጴዛችሁ ላይ አንዱ ጓደኛችሁ «የኔን መልሺውና አምቦ አምጪልኝ» ቢል፣ ምን ሆነሃል ብላችሁ አትመርምሩት። አንቲባዮቲክ እንዲዋጥም አታስገድዱት። እጃችሁን አንሱና «ለኔም» በሉ።