መጎብኘትና መጠየቅ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ሐይቅ ከተማን፥ ወደ ላሊበላ የሚቸኩል መንገደኛ በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋታል። እኔ ወርጄ ሻይ ስጠጣ አንድ አዛውንት «ማንን ልትጠይቅ መጣህ ልጄ?» አሉኝ። «አገሩን ልጎበኝ» አልሁ፤ መልሴ ግን አሳፈረኝ። ጎብኚ የሚያየውን ይመርጣል፤ ጠያቂ ግን የዝምድና ዕዳ አለበት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት ትምህርቱን በየአገሩ አዳርሰዋል። ስሙን ከጎረቤቱ ከአምባሰል የወሰደው ቅኝትም ከልጅነት እስከ ዕውቀት አብሮን ኖሯል። ታዲያ ትምህርቱንና ዜማውን ተቀብሎ የሰጪውን ደጅ አለመርገጥ ምን ይባላል? ስለዚህ መልሴን አረምሁ፤ «አባቴ፥ ባለውለታዬን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»