መልሕቅ ጥሎ ንጋትን መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመካከላችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታችሁን የምትጨርሱ፣ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ የምትሄዱ፣ ከወላጆቻችሁ ቤት ወጥታችሁ ጎጆ ለመቀለስ የምታስቡ አላችሁ። አንዱን ወደብ ለቅቆ ሌላው ገና ሳይታይ ባሕር መካከል መሆን እንዴት እንደሆነ ከቅዱስ ጳውሎስ ጉዞ እንማር። ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 በሰፊው ተጽፏል።

ሐዋርያው ሮምን ለማየት ብዙ ዘመን ተመኝቶ ነበር። ምኞቱ የተፈጸመለት ግን እንዳሰበው አይደለም። በቂሣርያ ሁለት ዓመት ታስሮ ከቆየ በኋላ ወደ ቄሣር ይግባኝ ስላለ፣ በ60 እ.ኤ.አ. ገደማ ዩልዮስ ለሚባል መቶ አለቃ ተሰጥቶ እንደ እስረኛ በመርከብ ተሳፈረ። ትናንት ከአገር አገር እየዞረ ሲያስተምር የነበረ ሰው፣ አሁን መርከቡን የሚመርጡለትም ቀኑን የሚቆርጡለትም ሌሎች ሆኑ።

ሙራ በተባለችው ከተማ ወደ ኢጣልያ ወደሚሄድ የእስክንድርያ መርከብ ተዛወሩ። እንዲህ ያሉ መርከቦች የግብፅን ስንዴ ወደ ሮም ያመላልሱ ነበር። በዚህኛው ላይ 276 ነፍስ ተሳፍሯል። ነፋሱ ፊት ለፊት እየመጣ ስላስቸገራቸው በጭንቅ ቀርጤስ ደርሰው መልካም ወደብ በሚባል ስፍራ አረፉ። ጊዜው ግን መሽቶባቸዋል፤ የመጸው ወራት ገብቷል። በዚያ ዘመን አቅጣጫ የሚያሳይ ኮምፓስ ስላልነበረ መርከበኛ የሚመራው በፀሐይና በከዋክብት ነው። ስለዚህ ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት በክረምታቸው ወራት ባሕሩን ትተው ወደብ ይገቡ ነበር።

ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ መርከብ የተሰበረበት ጳውሎስ፣ እዚያው ቢቆዩ እንደሚሻል መከረ። የመርከቡ መሪና ባለቤቱ ግን ፍንቄ የሚባለው ወደብ ይመቸናል አሉ፤ መቶ አለቃውም እነርሱን ሰማ። ወዲያው ልከኛ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ። ያሰቡት የተሳካላቸው መስሏቸው ተነሡ። ብዙም ሳይርቁ አውራቂስ የተባለው ማዕበል ያዛቸው።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ለስላሳ ነፋስ ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ምልክት አይደለም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በር ስለ ተከፈተ ብቻ አንግባ፤ መንገዱ ጨርቅ ነው ብሎ የሚያስጎመጅ ደላላ ስለ ተገኘ ብቻ አንነሣ። ማዕበሉን ቀምሰው ያለፉትን አስቀድመን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጭነት ነው። በማግሥቱ ጭነቱን ወደ ባሕር ጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን የመርከቡን ዕቃ ጣሉ፤ በመጨረሻ የጉዞው ምክንያት የነበረውን ስንዴ ጣሉ። ከሰው ግን አንድም አልጣሉም። እኛስ? ኑሮ ሲከብደን አስቀድመን የምንጥለው ማንን ነው? ክብራችንንና የይምሰል ኑሯችንን ጠብቀን ታናሽ ወንድማችንን፣ አሮጊት እናታችንን፣ የጸሎት ጓደኛችንን የምንጥል ከሆነ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በአሥራ አራተኛው ሌሊት ጥልቀቱን ቢለኩ 37 ሜትር ያህል ሆነ፤ ጥቂት ሄደው ቢለኩ ወደ 28 ሜትር ወረደ። የብስ ቀርቧል፤ በጨለማ ግን ከዓለት ጋር መጋጨት አለ። ስለዚህ ከመርከቡ በስተኋላ አራት መልሕቅ ጥለው እስኪነጋ ተመኙ። በዚያች ሰዓት መርከበኞቹ በፊት በኩል መልሕቅ የሚጥሉ መስለው፣ ሌላውን ሁሉ ትተው ለማምለጥ ጀልባዋን አወረዱ።

ልብ በሉ፤ ሊሸሹ ያሰቡት ሙያ ያላቸው ናቸው። ገመድና ሸራ የማያውቀው ሕዝብ ያለ እነርሱ አይድንም። ጳውሎስ ይህን ለመቶ አለቃው ነገረው፤ ወታደሮቹም የጀልባዋን ገመድ ቆርጠው ለቀቋት። የተማርነው፣ አንዳች ሙያ የያዝነው ወጣቶች ይህ ለእኛ ነው። የተማርንበትን እርሳስና ደብተር የገዛልን ያ መርከብ ሲናወጥ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የምትሆን ጀልባ በስውር ማውረድ ያምረናል። ይህችን ገመድ ዛሬውኑ እንቁረጣት።

ጳውሎስ ከዚህ በኋላ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት አመሰገነና በላ፤ ያን ሁሉ ቀን ያልበሉት ሰዎችም ተጽናንተው በሉ። በጨለማ ጊዜ ከእኛ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ጸሎትን፣ ጾምን፣ የንስሐ አባትን ምክርና ቅዱስ ቁርባንን እንደ አራት መልሕቅ ጥሎ፣ የዕለት ሥራን ሳያቋርጡ ንጋትን መጠበቅ።

ሲነጋ መርከቡ ተሰበረ። ወታደሮቹ እስረኞቹን ሊገድሉ ቢመክሩም መቶ አለቃው ስለ ጳውሎስ ብሎ ከለከላቸው። ዋና የሚችለው ዋኝቶ፣ የማይችለው በሳንቃ ተንሳፍፎ፣ 276ቱም ወደ መላጥያ ደሴት በደኅና ወጡ። አስቀድሞም እግዚአብሔር በመልአኩ ተስፋ የሰጠው ስለ ሰዎቹ ነፍስ ነው እንጂ ስለ መርከቡ አይደለም። ያለምነው የትምህርት ክፍል፣ የጠበቅነው ሥራ፣ ያሰብነው ትዳር ሊሰበር የሚችል መርከብ ነው። መርከቡ ተሰበረ ማለት ግን ሮም ቀረ ማለት አይደለም። ሐዋርያው ከሦስት ወር በኋላ በሌላ መርከብ ሄዶ ሮም ገባ፤ በተከራየውም ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይከለከል አስተማረ።

ወደ አዲስ ሕይወት የምትነሡ ሁሉ፣ የባሕርና የነፋስ ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን፤ ሁላችንንም ወደማይናወጠው ወደብ ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።