የጎረቤት ክዳን

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1212 ለንደን ተቃጠለች። በዚያው ወር የከተማይቱ ሹማምንት ደንብ አወጡ፤ በሸምበቆ ወይም በቄጠማ የተከደነ ቤት በ8 ቀን ውስጥ ይለሰን፤ ያልተለሰነ ይፍረስ። ጋጋሪም በሌሊት በገለባ እንዳይጋግር ተከለከለ።

«ቤቴ የግሌ ነው» የሚል ሰው አልተሳሳተም። ዳሩ ግን እሳት የርስት ድንበር አያውቅም፤ የአንዱ ደረቅ ክዳን የጎረቤቱን ሕፃን የሚያቃጥል ጭራሮ ነው። ስለዚህ ሹሙ በሰው ደጅ ቆሞ «ይህን አንሣ» የማለት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል እላለሁ። እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። ቄጠማ የሚከድን ሰው ቄጠማን ወዶ አይደለም (ማን ይወደዋል?)፤ የተሻለ የሚገዛበት አጥቶ ነው። ለባለጠጋ 8 ቀን የሥራ ጊዜ ነው፤ ለድኃ ግን የማፍረሻ ቀጠሮ።

ሥልጣንን መፍራትም የራሱ ዕዳ አለው። በ1666 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እሳት ሲነሣ ከንቲባው ቶማስ ብለድወርዝ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ቤት ለማፍረስ አመነታ፤ ከ13,000 የሚበልጥ ቤት ነደደ። በ1667 በወጣው ሕግ አዲስ ቤት ሁሉ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ ታዘዘ። በከሰል ላይ የተጣለው ቀረጥ ለአደባባይ ሥራዎች ዋለ፤ የመኖሪያውን ጡብ ግን ባለቤቱ ወይም ተከራዩ ከኪሱ ገዛ።