እምነት የሚጣልበት ሰው

እምነት የሚጣልበት ሰው የምንለው ዘወትር የሚያሸንፈውን ነውን? የአሰላው ተወላጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 እስከ 1999 በ10,000 ሜትር ሩጫ አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1996 በአትላንታ፥ በ2000ም በሲድኒ የኦሊምፒክን ወርቅ ወሰደ። ይሁን እንጂ በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። ያች ቅንጣት ጊዜ ወደ ቴርጋት ብታደላ ኖሮ፥ የኃይሌ ጠባይ ይለወጥ ነበርን? በሁለቱም ኦሊምፒክ ሁለተኛ የወጣው ቴርጋትስ እምነት የማይጣልበት ነበርን? ከዴራ እስከ አሰላ ያለ ገበሬ እንኳ በሬውን የሚያምነው ከርሞ አርሶበት እንጂ በአንድ ትልም አይደለም።

እኔስ ይልቁንም የማስበው የ2004ን የአቴናን ውድድር ነው። ኃይሌ እግሩን ታሞ ሳለ ተሰለፈ፤ ወርቁን ቀነኒሳ በቀለ፥ ብሩን ስለሺ ስህን ሲወስዱ፥ እርሱ ሕመሙን ይዞ 25ቱን ዙር ፈጸመ፤ አምስተኛም ወጣ።